ስለ ጓደኝነትና ስለ ሞት የወጣቶች ልቦለድ እንዴት ይጻፋል? ፒያሳና አራት ኪሎን ይዘን ደረጃ በደረጃ

አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በጠና ታማለች። እናቷ ያውቃሉ። አጎቷ ያውቃሉ። ሐኪሙ "ለእሷ እንዳይነግሯት" ተብሎ ተለምኗል። ጎረቤት ገምቷል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ወይም የማታውቅ መስላለች። የቅርብ ጓደኛዋስ?

ስለ ጓደኝነትና ስለ ሞት ለወጣቶች ልጽፍ ነው ለሚለኝ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ እንዲጀምር ነው የምመክረው። የውጭ ፊልም ያየ ጀማሪ ሐኪሙ ታማሚዋን ፊት ለፊት አስቀምጦ "ይህን ያህል ወር ቀርቶሻል" ሲላት ይጽፋል። እኛ ዘንድ ግን ወሬው በአብዛኛው የሚነገረው ለዘመድ ነው። ዘመድ ደግሞ ይደብቃል፤ ከፍቅሩ የተነሳ ይደብቃል። ልጅቷ በሰው መሐል ሆና ብቻዋን ትቀራለች። እውነቱን ደፍራ የምታወራት አንዲት ጓደኛ ካለች ልቦለዱ ያለው እዚያ ነው።

መመሪያው የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን ለሚሞክሩ ነው። ለምሳሌ እንዲመቸን ሁለት ልጆች እንፍጠር፤ ሊያና ሰሚራ። ሁለቱም የፒያሳ ልጆች፣ ሁለቱም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች። የምትታመመው ሊያ ናት፤ የምትተርከው ሰሚራ።

1. ማን ምን እንደሚያውቅ አስፍሩ

አንድ ወረቀት ውሰዱ። የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ስም ወደ ታች ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገር መልሱ፦ ስለ ሕመሙ ምን ያውቃል? መቼ አወቀ? ማን አያውቅም ብሎ ነው የሚያስበው?

ሦስተኛው ጥያቄ ነው ታሪኩን የሚሸከመው። ሊያ ታውቃለች እንበል፤ እናቷ ግን አታውቅም ብለው ያስባሉ። ሊያ ደግሞ እናቷ እንዳይደነግጡ የማታውቅ መስላ ትኖራለች። ሁለቱም ማታ ማታ ሌላው ሳይሰማ ያለቅሳሉ። ሰሚራ ሁለቱንም ታውቃለች። እናትየው በር ላይ ይዘው "እንዳትነግሪያት አደራ" ይሏታል፤ ሊያ በበኩሏ "ማወቄን ለእማዬ እንዳትነግሪ" ትላታለች። ይኸው ገና ምንም ሳይፈጠር ሰሚራ የሁለት ሰው አደራ ተሸክማለች። አንባቢ ገጽ የሚገልጠው ያ አደራ መቼ እንደሚፈርስ ለማየት ነው።

ይህን ሳትጨርሱ ምዕራፍ አንድን አትጀምሩ። የተጨናነቀና የተዘበራረቀ ወረቀት ቢሆንም ችግር የለውም።

2. ሕመሙን ምረጡ፤ ከዚያ በደንብ አጥኑት

ብዙ ጀማሪ ስሙ የማይጠቀስ "ክፉ በሽታ" ይጽፋል። ልጅቷ ትገረጣለች፣ ትስላለች፣ ትሞታለች። ይህ አንባቢን ያርቃል። ሕመሙ ስም ይኑረው፤ የራሱ ቀን፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ወረፋ ይኑረው።

እኔ ብሆን የሩማቲክ የልብ ሕመምን እመርጣለሁ። ምክንያቱም እዚሁ ሰፈራችን ያለ ነው፤ የሚይዘውም ልጆችንና ወጣቶችን ነው። የሚጀምረው በቶንሲል ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በአንቲባዮቲክ ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ሲደጋገም የልብ ቫልቮች ይጠባሉ ወይም በደንብ መግጠም ያቅታቸዋል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ታድጋለች። ከዓመታት በኋላ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የሚታወቀው።

አስቡት፤ አንድ ተራ ቶንሲል። "ያልፋል፣ ዝንጅብል በማር ጠጪ" የተባለ ቶንሲል። አንድ እናት ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸው ጸጸት ብቻ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ምልክቶቹን በታሪኩ ውስጥ በተን በተን አድርጓቸው። ሊያ ማታ በጀርባዋ መተኛት ያቅታታል፤ ሁለት ሦስት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው። እግሯ ያብጣል፤ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ምልክት ይተዋል። ልቧ ያለ ምክንያት ድው ድው ይላል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። መርፌው መቀመጫ ላይ ነው የሚሰጠው፤ ያማል፤ ከተወጋች በኋላ አንካሳ ሆና ነው የምትወጣው። ሰሚራ አብራት ትሄዳለች፤ እሷም ሆን ብላ አብራት ታነክሳለች። መንገደኛው ዞር ብሎ ያያቸዋል። እነሱ ይስቃሉ። ጓደኝነታቸውን በሌላ አሥር ገጽ ከመግለጽ ይህችን አንዲት ትዕይንት መጻፍ ይሻላል።

ቫልቭ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይተካል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። እናንተም አንዱን ወስኑ፦ ሊያ ወረፋ እየጠበቀች ነው ወይስ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላታል? ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከተተካላት ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልክ ትወስዳለች፤ ደሟም በየጊዜው ይመረመራል። ጎመንና የመሳሰሉት ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ ከዚህ መድኃኒት ጋር ይጋጫሉ፤ አንድ ቀን በጣም በዝተው አንድ ቀን ሲጠፉ የመድኃኒቱ ልክ ይዛባል። አሁን ዐቢይ ጾምን አስቡ። በበያይነቱ ላይ ጎመን አለ። አክስቷ ደግሞ "ብዪ እንጂ፣ ብርታት ይሰጥሻል" እያሉ ይጨምሩላታል። በሽታው ማዕድ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ለጥናቱ ነርስ ወይም ሐኪም አነጋግሩ። ከታማሚ ወይም ከቤተሰብ ጋር ካወራችሁ ልትጽፉ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ፈቃድ ጠይቁ፤ ስማቸውንም ታሪካቸውንም እንዳለ አትውሰዱ። ሆስፒታል ገብታችሁ በስልክ ፎቶ አታንሱ። የሰው ጭንቅ ነው።

3. ከሕመሙ በፊት ጓደኝነቱ ይቅደም

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ምዕራፎች ላይ አንባቢው ሊያን መውደድ አለበት። ታማለች ብሎ ሳይሆን በራሷ። ስለዚህ ጥፋት ስጧት። ቀጠሮ አታከብርም፤ የተበደረችውን ልብስ አትመልስም፤ ቀልዷ አንዳንዴ ያቆስላል። ታማሚን መልአክ አድርጎ መጻፍ የዚህ ዓይነት ልቦለድ ትልቁ በሽታ ነው። መልአክ ሲሞት ሰው አያዝንም።

ሁለቱን የሚያጣላቸው ነገርም ይኑር፤ ከሕመሙ ጋር የማይገናኝ። ወንድ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የተነገረ ምሥጢር ሊሆን ይችላል፣ ብር ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሳምንት ይኮራረፉ። ኋላ ላይ ሰሚራ ያቺን ሁለት ሳምንት መልሳ መላልሳ ታስባታለች።

4. ቦታውንና ዓመቱን አንድ ላይ ምረጡ

መሐል አዲስ አበባ በቶሎ እየተለወጠች ስለሆነ "ፒያሳ" ብቻ ብላችሁ መጻፍ አትችሉም። የትኛው ፒያሳ? "ማሕሙድ ጋ (ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት) እንገናኝ" የሚባልበት ፒያሳ አለ። ከ2016 ዓ.ም ወዲያ ያለው ፒያሳ ሌላ ነው።

እኔ የትምህርት ዘመኑን 2016 አደርገዋለሁ። ያ ዓመት ለዚህ ታሪክ የሚሆን ብዙ ነገር አለው። የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን በኮሪደር ልማቱ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ የድሮ ሰፈሮች ፈረሱ፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። የሊያ ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱ ቢሆንስ? ለብዙዎቹ የደረሳቸው የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ በብዛት ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ለልብ ታማሚ ልጅ አራተኛ ፎቅ ደረሳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢው ማብራራት አያስፈልግም። ሰሚራ ደግሞ ፒያሳ ቀርታለች። በእግር አምስት ደቂቃ የነበረው ጓደኝነት አሁን ሁለት ታክሲ ሆነ።

ሜዳውና ዳገቱም ይሥራላችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ነው፤ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ዳገት ነው። ሰባ ደረጃ አለ። መንገዱን ራሳችሁ ሂዱበት፤ ትንፋሻችሁ የት ላይ እንደሚያጥር ልብ በሉ፤ ሊያን እዚያ አቁሟት። ጤነኛ ሰው የማያየውን ነገር ያያችሁት ያኔ ነው፦ የትኛው ደረጃ ላይ መደገፊያ አለ፣ የትኛው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ዕቃ የሚያይ መምሰል ይቻላል።

ለማጥኛ ቦታ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ልትጠቀሙ ትችላላችሁ፤ በ2014 ስለተከፈተ ለታሪኩ ዓመት ይስማማል። ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ቦታ ለመያዝ በጠዋት የሚሰለፉበት ነው።

5. ንግግሩን ቀለል አድርጉት

የ17 ዓመት ልጆች ስለ ሞት በንግግር አይናገሩም። ዙሪያውን ይሄዳሉ። ሰባ ደረጃ ላይ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

— ምን ሆንሽ?
— ጫማዬን ላስር።
— ክር የለውም እኮ።
— ዝም ብለሽ ቁሚ በናትሽ።

ሰሚራ ቆመች። ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። አበቃ። "ሰሚራ ያን ጊዜ ጓደኛዋ ልትሞት እንደምትችል ገባት" የሚል ዓረፍተ ነገር አትጨምሩ፤ አንባቢው ገብቶታል።

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። ከሰሚራ አፍ "አይዞሽ" የሚለውን ቃል በሙሉ አውጡ። ሌላው ሰው ሁሉ ይበላት፤ አክስት፣ አስተማሪ፣ ባለ ሱቁ። ሰሚራ ብቻ አትበላት። ያኔ ሰሚራ ሌላ የምትለው ነገር መፈለግ ይኖርባታል፤ "ነገ የሒሳቡን ደብተር አመጣልሻለሁ" ዓይነት። መጨረሻ ላይ በሁለቱ መሐል አንድ ጊዜ "አይዞሽ" መባል ካለበት ሊያ ለሰሚራ ትበላት።

የአራዳ ቋንቋ በመጠኑ ይግባ። ጀለስ፣ አቦ፣ ሼባ ይበቃል። በየመስመሩ ካጨቃችሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ያረጃል። ከእናት ጋር ሲያወሩ ደግሞ ቋንቋው ይቀየር፤ ሰሚራ የሊያን እናት "እትዬ" ብላ ነው የምትጠራቸው፣ አንቱ ነው የምትላቸው። ይህ ለውጥ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

6. ሞቱን የት ላይ ታስቀምጡታላችሁ?

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሊያ የምትሞትበትን ክፍል እንድትጽፉት የሚያስገድዳችሁ የለም። እኔ ሰሚራ በሌለችበት እንዲሆን ነው የምመርጠው።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ሲፈተኑ ቆይተዋል። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሰሚራ ሐምሌ ላይ ልትፈተን ትገባለች። ሊያ ሆስፒታል ናት፤ ሳትፈተን ቀርታለች። በሩ ላይ ሲለያዩ ስለ ፈተናው ብቻ ያወሩ። ከዚያ ሰሚራ የምትኖረው ወሬ በሌለበት ግቢ ውስጥ ነው። አንባቢው ግን አንድ ነገር እንደሆነ ይጠረጥራል። እዚህ ብዙ ገጽ ስጡ፤ የፈተናው ጥያቄ፣ የመኝታ ክፍሉ ብርድ፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር የምትስቀው ሳቅ። ሳቋን አትቀንሱባት።

ከዚያ ትወጣለች። ወደ ቤት ስትመለስ ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ተዛብቷል። ሊቀበላት መጥቶ የማያውቅ አባት መጥቷል። ስልኳን ስትጠይቅ "ቻርጅ የለውም" ትባላለች። የምትወደው ምግብ ተሠርቷል። ለሊያ ልደውል ስትል እናቷ "ደክሞሻል፣ ነገ" ይላሉ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

መርዶ ነው። መርዶ ግን በወጉ የሚደረገው ለዘመድ ነው። ለጓደኛ በስልክ ይነገራል፣ ወይም ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ፎቶ ታያለች። ሰሚራን ግን በጠዋት ተሰብስበው አረዷት። ማን አስቦላት? የሊያ እናት። ልጃቸውን በቀበሩ ሰሞን "ሰሚራ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳይነገራት፤ ስትወጣም ብቻዋን እንዳትሰማ" ብለው ሰው የላኩት እሳቸው ናቸው። ይህን ወዲያው አትግለጡት። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ሰሚራ ከሌላ ሰው ትስማው።

እርግጥ ሰሚራ መጀመሪያ የሚሰማት ንዴት ነው። ተደብቆባታል። ሊያ ላይ የተደረገው ዝምታ እሷም ላይ ተደረገ። ቀብሩ አመለጣት። ንዴቷ ትክክል ነው፤ የእናትየው ፍቅርም እውነት ነው። አንዱን አሸናፊ አታድርጉ።

7. ለቅሶው ውስጥ ጓደኛ የት ትቀመጣለች?

በለቅሶ ቤት ሁሉም ቦታ አለው። ቤተሰብ ፍራሽ ላይ፣ ጎረቤት ወንበር ላይ፣ እድርተኛ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶች ጓዳ። የ17 ዓመት ጓደኛ ግን የተለየ ቦታ የላትም። ንፍሮ ታዞራለች፣ ውኃ ታቀርባለች። ስለ ሊያ ከማንም በላይ የምታውቀው ልጅ ትሪ ይዛ ቆማለች።

ሰፈሩ ስለተበተነ እድሩም ተበትኗል። የድሮ እድርተኞች ከየአቅጣጫው በታክሲ ይመጣሉ፤ ድንኳኑ የተተከለው ማንም ሊያን በማያውቅበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ነው። አንድ አዲስ ጎረቤት "የማን ልጅ ናት?" ብሎ ሲጠይቅ ይሰማ።

ሙሾን አጥኑ። ጥሩ አልቃሽ "ደግ ነበረች" ብላ አታልፍም። አካሄዷን፣ አለባበሷን፣ ለእናቷ ያደረገችውን እያነሳች ነው የምታስለቅሰው። የሟች ልብስና ፎቶ ይዞ ማልቀስም ከዚሁ ነው። እናንተም ስታስለቅሱ በዚህ መንገድ ሂዱ። የሊያ አክስት ሹራብ ከፍ አድርገው እያለቀሱ ነው እንበል። ሹራቡ የሰሚራ ነው፤ ከወራት በፊት ያበደረቻት፣ ያልተመለሰላት። ሰሚራ ታየዋለች። ለማንም አትናገርም።

8. እምነቱን በጥንቃቄ

ሊያ ኦርቶዶክስ ናት፣ ሰሚራ ሙስሊም። ፒያሳ ላይ ይህ ተራ ነገር ነው፤ ስለዚህ ተራ አድርጋችሁ ጻፉት። "ሃይማኖት ያልለያያቸው" እያላችሁ አታመስግኗቸው። ዝርዝሩ ግን ይጠበቅ፤ ፍትሐት የት እንደሚደረግ፣ የሰሚራ እናት "እግዜር ያጽናሽ" ሲሉና እቤታቸው ሲመለሱ ዱዓ ሲያደርጉ።

ጸበል ይኖራል፤ መቅረት የለበትም። ከፒያሳ እንጦጦ ቅርብ ነው። ጸበልን የመድኃኒት ጠላት አድርጋችሁ አትሳሉ። ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን የሚወስዱ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም አብረው ይሂዱ የሚሉ አባቶችም አሉ። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ከጻፋችሁ ደግሞ ውጤቱን በሐቅ ጻፉ፤ የሚያነበው ወጣት መድኃኒት ላይ ያለ ሊሆን ይችላል።

9. ከሞቱ በኋላ አርባ ቀን ስጡ

ብዙ ጀማሪ በቀብሩ ይጨርሳል። አትጨርሱ። ሐምሌ ላይ ካረፈች አርባዋ ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ዝናብ ነው፣ ትምህርት የለም፣ ውጤትም አልመጣም። ሰሚራ ምንም የምትሠራው ነገር የላትም። ያ ጊዜ የመጽሐፉ ሲሶ ቢሆን አይበዛም። መርፌው የሚወጋበት ቀን ሲደርስ ሳታስበው ጤና ጣቢያው በር ላይ ትገኝ። ስልኳ ውስጥ ያሉትን የድምፅ መልእክቶች አንድ በአንድ ትስማ ወይም ለመስማት ትፍራ። የሊያን እናት ለመጠየቅ አራተኛ ፎቅ ትውጣ፤ ሊያ የምታርፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ እያረፈች።

ስለ ሞት የሚያነብ ልጅ የራሱ ሐዘን ሊኖርበት ይችላል። ሞትን የሚያጓጓ ወይም የሰላም መንገድ አድርጋችሁ አትጻፉ። ሰሚራ የምታወራት አንድ ትልቅ ሰው ታሪኩ ውስጥ ይኑር፤ አያት፣ አስተማሪ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልትሆን ትችላለች።

10. አስነብቡ፣ አርሙ፣ አሳትሙ

ረቂቁን አስቀድማችሁ ለ16ና ለ17 ዓመት ልጆች ስጡ። "ወደዳችሁት?" አትበሏቸው፤ ሁሉም አዎ ይላሉ። "የት ላይ ስልካችሁን አነሣችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ ያለውን ቁረጡ። አንድ የጤና ባለሙያም ሕክምናውን ያንብብላችሁ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ አንብቡ፤ አንደበት ላይ የሚደናቀፍ ዓረፍተ ነገር ረዝሟል ማለት ነው።

እዚህ አገር አብዛኛው ጀማሪ በራሱ ወጪ ነው የሚያሳትመው። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ታወጣላችሁ። ከሁለት ሦስት ማተሚያ ቤት ዋጋ ጠይቁ፤ የወረቀት ዋጋ ስለሚዋዥቅ የተሰጣችሁ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ተቀበሉ። አከፋፋይ ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ሒሳባችሁን ሳትሠሩ የሽፋን ዋጋ አትወስኑ፤ የኪስ ገንዘብ ያለው ተማሪ መግዛት ካልቻለ ለወጣት ጻፍኩ ማለት አይቻልም። ገንዘቡ ከሌላችሁ ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ልቀቁ፤ ግን ሙሉውን ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን። በመሐል ከተቋረጠ አንባቢዎቹ ሊያን ሆስፒታል ውስጥ ትታችኋት እንደሄዳችሁ ነው የሚቆጥሩት።